ሰርቪስ ወርከር በማይሠራበት ስልክ ላይ ኦፍላይን ዌብ አፕ

ኔትወርክ ሲጠፋም የሚከፈት ዌብ አፕ የሚቆመው በሰርቪስ ወርከር ላይ ነው፤ ይህም ብሮውዘሩ ከገጹ ጀርባ የሚያሂደውና የተቀመጡ ፋይሎችን ያለ ኔትወርክ የሚያቀርብ ስክሪፕት ነው። ክሮም ከእ.ኤ.አ. 2015፣ የአይፎኑ ሳፋሪ ደግሞ ከ2018 (ከአይኦኤስ 11.3) ጀምሮ ይዘውታል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፕሮግራመር ጉዳዩን ያለቀለት አድርጎ ይወስዳል። ነገር ግን ኦፍላይን አሠራር አጥብቆ የሚያስፈልገው ሰው፣ ዳታ የሚቆጥበውና ያረጀ ስልክ የያዘው፣ ያለው ብዙ ጊዜ ጎደሎ ብሮውዘር ላይ ነው። አፑ ለእሱ ካልሠራ ለማን እንደተሠራ አይገባኝም።

ከሁሉም የሚከብደው ኦፔራ ሚኒ ነው፤ ያውም ኤክስትሪም በሚባለው የዳታ ቁጠባ ደረጃው። እዚህ ላይ ገጹን የሚከፍተው ስልኩ አይደለም። የኦፔራ ሰርቨር ገጹን ከፍቶ፣ ጃቫስክሪፕቱን ለጥቂት ሰከንድ አሂዶ፣ ውጤቱን ጨምቆ ይልከዋል። ስለዚህ ሰርቪስ ወርከር የለም፤ ብሮውዘር መረጃ ስልኩ ላይ የሚያስቀምጥባቸው ኢንዴክስድ ዲቢና ሎካል ስቶሬጅም የሉም። ገጹ ከደረሰ በኋላ ታይመር አይሠራም፤ ጃቫስክሪፕት ያለበት ቁልፍ በተነካ ቁጥርም ጥያቄው ወደ ሰርቨር ይመለሳል። ያው ኦፔራ ሚኒ አንድሮይድ ላይ ሃይ ወደሚባለው ደረጃ ሲቀየር ግን ገጹን ስልኩ ራሱ ስለሚከፍተው አብዛኛው ነገር ይሠራል። ሁለት ሰዎች ሁለቱም ኦፔራ ሚኒ ይዘው አንዱ «ይሠራል» ሌላው «አይሠራም» ካሉ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ። ሰርቨራችሁ ላይ በሚደርሰው የብሮውዘር መለያ ውስጥ ፕሬስቶ የሚለው የድሮ የብሮውዘር ሞተር ስም ካለ ኤክስትሪም ነው።

እዚያ የሚያዋጣው ይዘቱ ሙሉ በሙሉ በኤችቲኤምኤል ተዘጋጅቶ ከሰርቨር መምጣቱ ነው። ያኔ ተጠቃሚው በኦፔራ ሚኒ የገጽ ማስቀመጫ አስቀምጦ ያለ ኔትወርክ ያነበዋል። ባዶ ገጽ ልካችሁ ይዘቱን በጃቫስክሪፕት የምትሞሉ ከሆነ ግን የሚቀመጠው ባዶው ገጽ ሊሆን ይችላል። ቅጽ ካለ ተራ የኤችቲኤምኤል ቅጽ ይሁን። ሠላሳ ጥያቄ በአንድ ገጽ ከመደርደር አምስት አምስት አድርጎ ከፍሎ እያንዳንዱን ክፍል ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ይሻላል፤ መስመር ሲቋረጥ የሚጠፋው የመጨረሻው አምስት ብቻ ይሆናል።

ያረጀ አንድሮይድ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። አንድሮይድ 4.4 ክሮም 81 ላይ፣ 5 ክሮም 95 ላይ፣ 6 ክሮም 106 ላይ፣ 7 ክሮም 119 ላይ ቆመዋል። ሁሉም ሰርቪስ ወርከር አላቸው። ሰርቪስ ወርከሩ የማይመዘገበው ብዙ ጊዜ በሰርተፍኬት፣ ማለትም የድረ ገጹን ማንነት በሚያረጋግጠው ዲጂታል ሰነድ፣ ምክንያት ነው። ነጻ ሰርተፍኬት የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት የሚታመንበት ሥር ሰርተፍኬት (ስልኩ አስቀድሞ የሚያምነው ዋና ሰርተፍኬት) አንድሮይድ ውስጥ የገባው በ7.1.1 ነው፤ ከዚያ በፊት ላሉት ስልኮች መሸጋገሪያ የነበረው ፊርማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 አብቅቷል። ተጠቃሚው የብሮውዘሩን የሰርተፍኬት ማስጠንቀቂያ አልፎ ቢገባ ገጹ ይከፈትለታል፣ ሰርቪስ ወርከሩ ግን አይመዘገብም። ኔትወርክ እስኪጠፋ ድረስ ችግሩን ማንም አያየውም። መፍትሔው ሥሩ ቀደም ብሎ አንድሮይድ ውስጥ ከገባ ሰጪ ሰርተፍኬት መውሰድ ነው፤ ካልሆነም የራሱን ሥር ሰርተፍኬቶች ይዞ የሚመጣውን ፋየርፎክስ ማስጫን። የስልኩን ቀንም ተመልከቱ። ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተሞላ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ስለሚቀር፣ የትኛውም አዲስ ሰርተፍኬት ጊዜው ገና እንዳልደረሰ ተቆጥሮ ይጣላል።

ካይኦኤስ 2.5 የሚባለው ስርዓተ ክወና ያላቸው ባለቁልፍ ስልኮች የብሮውዘር ሞተራቸው ጌኮ 48 ነው፤ ከፋየርፎክስ 48 ጋር የሚመጣጠን። አዲሶቹ የጃቫስክሪፕት አጻጻፎች ግን ከዚያ በኋላ ናቸው፦ አሲንክና አዌይት ፋየርፎክስ ላይ የመጡት በ52 ነው፣ ሞጁል በ60፣ ኦፕሽናል ቼይኒንግ በ74። ሞተሩ የማያውቀው አንድ አጻጻፍ ፋይሉን በሙሉ ይጥለዋል፤ ሰርቪስ ወርከሩን የሚመዘግበው መስመርም አብሮ ይወድቃል። መመዝገቢያውን በድሮው ጃቫስክሪፕት ለብቻው ፋይል ውስጥ ጻፉት። የሰርቪስ ወርከሩ ፋይል ራሱም አዲስ ጃቫስክሪፕትን ወደ ድሮው በሚለውጠው ባቤል ማለፉን አረጋግጡ፤ ዋናውን ኮድ ለውጦ ይህንን እንዳለ የሚያልፍ የቢልድ አሠራር ብዙ ነው። ለካይኦኤስ ብቻ ከሆነ ግን እንደ ዚፕ የታሸገ አፕ እመርጣለሁ፤ ፋይሎቹ ስልኩ ላይ ስለሚጫኑ ለመከፈት ሰርቪስ ወርከር አይጠብቁም።

ሊንኩ በቴሌግራም የሚሰራጭ ከሆነ የት እንደሚከፈት እዩ። አንድሮይድ ላይ በመተግበሪያ ውስጥ የሚከፈት ዌብቪው (የመተግበሪያው የራሱ የገጽ ማሳያ) ሰርቪስ ወርከር ቢኖረውም ማከማቻው የዚያ መተግበሪያ ብቻ ነው፤ እዚያ የተቀመጠው ክሮም ውስጥ አይገኝም። አይፎን ላይ ደግሞ በመተግበሪያ ውስጥ ያለው ዌብቪው በአብዛኛው ሰርቪስ ወርከር የለውም። ሳፋሪም ራሱ፣ ተጠቃሚው ሳፋሪን እየተጠቀመ ለ7 ቀን ገጹን ካልነካ፣ በስክሪፕት የተቀመጠውን ያጠፋል። ሆም ስክሪን ላይ የተጨመረ አፕ ከዚህ ስለሚተርፍ «በሳፋሪ ክፈቱና ሆም ስክሪን ላይ ጨምሩ» የሚል መመሪያ በግልጽ አስቀምጡ።

ያልተላከ መረጃን ባክግራውንድ ሲንክ (ኔትወርክ ሲመለስ መረጃን ከጀርባ የሚልክ አሠራር) ላይ አትጣሉ፤ ሳፋሪም ፋየርፎክስም የላቸውም። ወረፋውን ኢንዴክስድ ዲቢ ውስጥ አስቀምጣችሁ አፑ በተከፈተ ቁጥር ላኩ። ብሮውዘሩ «ኦንላይን ነኝ» ሲል ከአንድ ኔትወርክ ጋር ተገናኝቷል ማለት ብቻ ነው። የሆቴል ዋይፋይ መግቢያ ገጽም 200 (ተሳክቷል) ብሎ ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ ከወረፋው የምታጠፉት የራሳችሁ ሰርቨር የመዝገቡን ቁጥር መልሶ ሲልክ ብቻ ይሁን።

መጀመሪያ ካሽ የሚደረገው፣ ማለትም ስልኩ ላይ የሚቀመጠው፣ የፋይል ዝርዝር አጭር ይሁን። ፋይሎቹን በአንድ ጊዜ ካሽ የሚያደርገው አድ ኦል የተባለ ትእዛዝ ከፋይሎቹ አንዱ ካልወረደ ሁሉንም ይጥላል፣ ደካማ ኔትወርክ ላይ ደግሞ ትልቁ ፋይል ነው ቶሎ የሚቋረጠው። የአማርኛ ፎንቱንና ሥዕሎቹን ለይታችሁ በኋላ አውርዱ። ስትፈትኑም የኮምፒውተር ክሮም ላይ ኦፍላይን የሚለውን መጫን አይበቃም፤ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ፣ ብሮውዘሩን ከጀርባ ጭምር ዘግታችሁ፣ እንደገና ክፈቱ።