የሴሊካ ማርሚታ፦ ድምፅ ማጉላት ሌላ፣ ድምፅ ማሳመር ሌላ

አዳማ ውስጥ አንድ ሰው መኪናውን ወደ ብየዳ ቤት ነድቶ «ድምፅ ይኑራት» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚሠራለት አንድ ነገር ነው። ማርሚታው (ከኋላ ያለው የጭስ ድምፅ ማፈኛ) ተቆርጦ ይወጣል፣ በቦታው ቀጥ ያለ ቱቦ ይበየዳል፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከተማ ውስጥ ሁለት ቀን ያስደስታል። ወደ አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ሲወጣ ግን በአምስተኛ ማርሽ 100 ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች መደማመጥ ያቅታቸዋል። የተሻለው ሥራ የፋብሪካውን ማርሚታ ከፍቶ ሆዱን መቀየር ነው። ጊዜ ይበላል፤ ይበላ።

ምሳሌያችን እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 የተሠራችው ቶዮታ ሴሊካ ትሁን። መደበኛዋ የምትይዘው 1,794 ሲሲ ሞተር ኮሮላም ላይ የሚገኘው ነው፤ ቅርጿ ስፖርት፣ ድምጿ ኮሮላ የሆነው ለዚህ ነው። ለሌላ ባለ አራት ሲሊንደር መኪናም አሠራሩ ያው ነው።

መጀመሪያ፣ መኪናው ላይ ያለውን ማርሚታ አትንኩት። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወይም አሮጌ መለዋወጫ ከሚሸጡ ዘንድ ሁለተኛ ማርሚታ ግዙ፣ ደረሰኝም ጠይቁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ያለን መኪና ከነዕቃው ማቆየት ግድ ነው። ድምፁ ካልጣማችሁ ወይም የቦሎ ምርመራ ላይ ጥያቄ ከተነሳ ዋናውን መልሶ ማሰር ጥቂት ቡሎን የመፍታት ጉዳይ ይሆናል።

የፋብሪካ ማርሚታ ሆድ በላሜራ ግድግዳ ለሁለት ወይም ለሦስት ክፍል የተከፈለ ነው። ጭሱ በአንዱ ቱቦ ገብቶ፣ ወደኋላ ተመልሶ፣ እንደገና ዞሮ ይወጣል። የድምፁ ሞገድ ከግድግዳው ጋር እየተጋጨ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ወፍራሙም ቀጭኑም አብሮ ይሞታል። ሌላው ዓይነት ቀዳዳ የበዛበት ቀጥ ያለ ቱቦ ሆኖ ዙሪያው በመስታወት ጭረት (ፋይበርግላስ) የተሞላ ነው፤ ይኼኛው ቀጭኑንና የሚሰነጥቀውን ድምፅ ይውጣል፣ ወፍራሙን ያሳልፋል። የምንፈልገው ይህን ነው። ከመካከል ያለውን ትንሹን ማርሚታ ግን ተዉት። እሱ ከወጣ ነዳጅ ሲረገጥ የሚመጣው ድምፅ የቆርቆሮ ጩኸት ነው፤ የኋላውን ምንም ብታሳምሩት አይሸፍነውም። መርዛማውን ጭስ የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተርም እንዲሁ። እሱ ሲወጣ የሞተር መብራት ይበራል፣ ሽታውም ይከረፋል።

የቱቦ ስፋት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለ1,800 ሲሲ የ2 ኢንች (51 ሚሊ ሜትር) ቱቦ በቂ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ያነሰ አየር ይስባል፣ ያነሰ ጭስ ያወጣል። 3 ኢንች ቱቦ እዚህ የሚጨምረው ጉልበት የለም፤ ድምፁን ባዶ በርሜል ያስመስለዋል እንጂ።

ቱቦው የውሃ ቧንቧ እንዳይሆን። ዚንክ የተቀባ ነው፤ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ማታ በትኩሳትና በብርድ ያንቀጠቅጠዋል። የማርሚታው ቆርቆሮ ማግኔት ከያዘ 409 የሚባለው አይዝጌ ብረት ወይም አልሙኒየም የተቀባ ተራ ብረት ነው። ቅቡን በሞረድ እስኪያበራ ድረስ ካላነሳችሁት ብየዳው አረፋ ይሆናል። ተራ ብረትን ከአይዝጌ ጋር ለማያያዝ 309ኤል የብየዳ ሽቦ ነው።

ከመቁረጣችሁ በፊት መኪናው በካቫሌቶ (በብረት መቆሚያ) ላይ ይቁም፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገባም። የጎማ ማንጠልጠያዎቹን በሳሙና ውሃ አርሳችሁ አውጡ። የዛገ ቡሎን ላይ ዘይት ቀብታችሁ አሳድሩት፣ በጉልበት ከሆነ ይበጠሳል። ጓርኒሲዮኑ (መገጣጠሚያው መሃል ያለው ማሸጊያ) ሁሌም በአዲስ ይተካል። ማርሚታው ሲወርድ የላይኛውን ፊት በኖራ ምልክት አድርጉበት። የሚከፈተው በዚያ በኩል ነው፤ ስፌቱ ከታች አይታይም፣ ውሃም አይተኛበትም።

በ1 ሚሊ ሜትር ዲስክ ሦስቱን ጎን ቆርጣችሁ እንደ ክዳን ወደ አራተኛው እጠፉት። ከጠርዙ 2 ሳንቲ ሜትር ግቡ፣ አለዚያ የሚበየድበት ላሜራ አይተርፍም። ውስጡ ጭረት ካለ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ። የመካከለኛውን ግድግዳ አውጡ። መግቢያና መውጫው ፊት ለፊት ካልሆኑ በሁለት የ45 ዲግሪ ክርን አገናኟቸው። ቀጥታው ክፍል ላይ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይግባ፤ ከገጹ ሲሶው ያህል ክፍት ሊሆን ይገባል። በመሰርሰሪያ ከምትበሱት የተበሳ ላሜራ ገዝቶ መጠቅለል ይቀላል። ቀዳዳ ሲያንስ ጭረቱ ሥራ ይፈታል፣ ሲበዛ ቱቦው ይልፈሰፈሳል።

የሙሌቱ ሒሳብ እንዲህ ነው። 22 በ12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሞላላ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሆድ ወደ 8.3 ሊትር ይይዛል። ቱቦው 0.8 ሊትር ሲወስድ 7.5 ይቀራል። ለአንድ ሊትር 100 ግራም ብታስቡ 750 ግራም ጭረት ያስፈልጋል። ቱቦውን መጀመሪያ በአንድ ድርብ የአይዝጌ ብረት ጸጉር ጠቅልሉት፤ ጭረቱ በቀዳዳው ተነፍቶ እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው። ለቤት ጣሪያ የሚሸጠው የመስታወት ሱፍ ማጣበቂያ ስላለበት ያ ሲቃጠል ይከረፋል፣ ይበናል፣ በጥቂት ወር ሆዱ ባዶ ሆኖ ይቀራል። የፍራሽ ስፖንጅ የሚሞሉም አሉ። ስለ እሱ የሚባል ነገር የለም።

ክዳኑን ስትዘጉ አርጎን ብየዳ ካገኛችሁ ለ1.2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከ40 እስከ 60 አምፔር ይበቃል። ያለው ተራ ኤሌክትሮድ ብቻ ከሆነ ባለ 2 ሚሊ ሜትሩን ውሰዱ፤ ወፍራሙ ላሜራውን ይበሳዋል። በየ3 ሳንቲ ሜትሩ ነጥብ አስይዙ፣ ከዚያ አንዴ እዚህ አንዴ ከማዶ እያላችሁ ሙሉት። ከአንድ ጫፍ ተነስቶ በተከታታይ የሄደ ብየዳ ክዳኑን ያጣምመዋል። ከታች፣ ዝቅተኛው ቦታ ላይ፣ የ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይኑር። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት ይወጣል፤ አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ማርሚታ ውስጥ ያ ውሃ ይተኛና ከውስጥ ያዝገዋል። (መኪናው ላይ እንዳለ መበየድ ግድ ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ የብየዳ ማሽኑን የመሬት ሽቦ መያዣ ብየዳው አጠገብ አስሩ። የነዳጅ ታንከሩ ቅርብ መሆኑን አትርሱ።)

መልሳችሁ ስትሰቅሉ ከባምፐሩ 2 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የ3 ሜትር ብረት ቱቦ ሲግል 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ቦታ ካጣ ባምፐሩን ይመታል ወይም ማንጠልጠያውን ይቀድዳል። ሞተሩ ሳይግል አስነሱትና ነዳጅ ሳትረግጡ በሚኒሞ ይሥራ፣ ጓደኛችሁ ወፍራም ጨርቅ ይዞ መውጫውን ለአፍታ ይክደን፣ እናንተ ስፌቱ ላይ የሳሙና ውሃ እርጩ። አረፋ የታየበት በብየዳ ይደፈን። «ትንሽ ጠቅ ጠቅ ቢል ምን አለ» አይባልም፣ ከወለል በታች የሚያፈስ ጭስ መኪናው ውስጥ ይገባል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አይሸትም።

አሁን ፍጥነት መንገዱ። በአንድ የተወሰነ አርፒኤም (የሞተር ዙር በደቂቃ) ላይ ብቻ ጆሮ የሚደፍን ጉምጉምታ ካለ ቁጥሩን ጻፉ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለቴ ስለሚተኩስ 3,000 ላይ ድምፁ 100 ኸርዝ ነው። መድኃኒቱ ከዋናው ቱቦ ጎን የሚበየድ፣ ስፋቱ እኩል የሆነ፣ ጫፉ የተደፈነ ቅርንጫፍ ቱቦ ነው። ርዝመቱ የድምፁ ሞገድ ሩብ ይሆናል። ጭሱ እዚያ ቦታ ላይ 250 ዲግሪ ቢሆን ድምፅ በሰከንድ 460 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ 460ን ለ400 ስታካፍሉ 1.15 ሜትር። ቢታጠፍም ይሠራል፣ በኋላ ጎማው አጠገብ ማስገባት ይቻላል። የጭሱ ሙቀት በግምት ስለሆነ 6 ሳንቲ ሜትር አስረዝማችሁ ጀምሩ። የቅርንጫፉን ጫፍ መክደኛ በሁለት ነጥብ ብቻ አስይዙና ሞክሩ፤ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ስትቆርጡ ጸጥ የሚለው ቦታ ወደ 50 አርፒኤም ከፍ ይላል። ስታገኙት ያኔ ዙሪያውን ሙሉት።