ሰማዩ ጠርቶ ነበር

ዛሬ በርተድ ፓስ የሚባለው የኮሎራዶ የተራራ መተላለፊያ ላይ ወጥተን ነበር። ከዴንቨር ብዙም አይርቅም። መተላለፊያው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,400 ሜትር ይበልጣል፤ እንጦጦም አይደርስበትም። ድሮ የስኪ (በበረዶ ላይ የመንሸራተት) ማዕከል ነበር፤ ሰውን ወደ ላይ የሚያወጡት ሊፍቶች በፈረንጆቹ 2001 ቆሙ። አሁን ሽቅቡ በራስ ጉልበት ነው። ስኪህ ስር ወደ ኋላ የማያንሸራትት ጨርቅ ትለጥፋለህ፣ ላብህን እያፈሰስክ ትወጣለህ፣ ለጥቂት ደቂቃ ደስታ ትወርዳለህ። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ያሉ ዘመዶቼ "ለዚህ ይከፍሉሃል እንዴ?" ይሉኛል።

ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። አዲስ በረዶም አልጣለም። ያልለመደ ሰው እንዲህ ባለ ቀን ምን ያሰጋል ሊል ይችላል። ነፋስ አለ። እዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ነው የሚነፍሰው። በረዶውን ከሸንተረሩ አንድ ወገን ይጠርግና በምሥራቅ በኩል ይከምረዋል። እንዲህ የሚከማች በረዶ ከሰማይ ከሚወርደው አሥር እጥፍ ሊፈጥን ይችላል። ነፋሱ ቅንጣቶቹን እያንከባለለ ይሰባብራቸዋል፤ ፍርፋሪው ተጠቅጥቆ ወጥ ንጣፍ ይሆናል። ከስሩ ያለው ግን ልል ነው። ስትቆምበት ይሸከምሃል። የሚያታልለውም ይኼው ነው። ስኪህ ሳሳ ያለውን ቦታ ሲያገኘው ንጣፉ በሙሉ ተሰንጥቆ አንተን ይዞ ይወርዳል። ሰው ከሚገድሉት እንዲህ ካሉ የበረዶ ናዳዎች አብዛኞቹን የሚያስነሳቸው ሟቹ ራሱ ወይም አብሮት ያለ ሰው ነው።

የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል ጠዋት ከዛፍ መስመር በላይ (ዛፍ በማይበቅልበት ከፍታ) ያለውን አደጋ ከ5 ደረጃ 3 ብሎታል። 3 ሲባል መሃል ላይ ያለ፣ የሚቻል ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሞተው ግን እንዲህ ባለው ቀን ነው። 4 እና 5 ሲሆን አብዛኛው ሰው ቤቱ ይቀራል።

ከዛፎቹ በላይ ስንደርስ ከሸንተረሩ ጫፍ በረዶ ይቦናል። ገር በሆነው ቦታ ላይ ስንራመድ ከስራችን እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ሰማን። ቀጥሎ ከስኪዬ ጫፍ ስንጥቅ ተነስቶ ወደ ፊት ሮጠ።

ማንም አልተናገረም።

አብሮኝ ያለው ሰው በዕድሜም በልምድም ይበልጠኛል። ያን ሁሉ ዳገት አብረን ወጥተናል። እሱ ዝም ካለ እኔ ማን ነኝ? ይሉኝታ የሚባለው ነገር ለቅሶ ቤትና ሰርግ ቤት ብቻ የሚከተለን ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ስኪም ይችላል። እንደምንም "ጋሼ፣ እኔ ይኼን አልወርድም" አልኩ።

"እኔም አፌ ላይ ነበር" አለኝ።

ታዲያ ምን ይጠብቅ ነበር? እኔን። እኔ ደግሞ እሱን። ሁለታችንም ቢከን፣ ማለትም የተቀበረ ሰው ያለበትን በሬዲዮ ምልክት የሚጠቁም መሣሪያ፣ ታጥቀናል፤ መፈለጊያ ዘንግና አካፋም ይዘናል። ያ ሁሉ ግን ከተቀበርክ በኋላ የሚሠራ ነው። የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች ካልወጣ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ከዛፍና ከድንጋይ ጋር ተላትሞ የሚሞትም አለ፤ ለእሱ አካፋ ምንም አያደርግለትም። ስለዚህ መኪናው ጋ ስንደርስ ተስማማን፦ ከእንግዲህ አንዱ "አይሆንም" ካለ አይሆንም። ምክንያት አይጠየቅም።

የወረድነው በጫካው ውስጥ፣ ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ተዳፋት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ንጣፍ በብዛት የሚናደው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ላይ ነው። በረዶው ቅርፊት ሠርቶ ነበር፤ ጉልበቴን ጨርሶታል። ነፋሱ ከቆመ ንጣፉ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ይረጋል። ጋሼ ከወዲሁ ስለ ቅዳሜ እያወራ ነው። እኔ ዓርብ ማታ ትንበያውን ሳላይ ቃል አልገባለትም።