የማይነቃነቅ አንቴና ለምን ይወዛወዛል? የጂፒኤስ ልምምዴ እስካሁን

አንቴናው ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ በብሎን ታስሯል። ንቅንቅ አይልም። ያለበትን ቦታ የሚያሳየው ግራፍ ግን ይወዛወዛል፤ ሁለት ሴንቲ ከፍ፣ ሁለት ሴንቲ ዝቅ። በየሴኮንዱ የሚመዘገብ የጂፒኤስ ዳታ የነካካ ሰው ይህን ያውቀዋል። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ ወዲህ ጥያቄው አልለቀቀኝም። ግራፉ ላይ የማየው የመሬት እንቅስቃሴ ነው ወይስ ከጎረቤት ቆርቆሮ ነጥሮ የመጣ ሲግናል?

ነጸብራቁ እንደ ገደል ማሚቶ ነው። ሲግናሉ በቀጥታ ይመጣል፤ ቅጂው ደግሞ ጣሪያ ወይም ግድግዳ ነክቶ ዘግየት ብሎ ይደርሳል። ሪሲቨሩ ሁለቱን ደርቦ ይለካል። በኮድ ልኬት (ሲግናሉ ላይ በተጫነው ኮድ ርቀትን ሲለኩ) ስህተቱ ሜትሮች ሊደርስ ይችላል። በካሪየር ፌዝ (ኮዱን የተሸከመውን ሞገድ ራሱን ሲለኩ) ግን ልክ አለው፤ በአንድ ሳተላይት ልኬት ላይ ከሞገዱ ርዝመት ሩብ አያልፍም። የኤል1 (ከጂፒኤስ ሲግናሎች የአንዱ) ሞገድ 19 ሴንቲ ስለሆነ ወደ 4.8 ሴንቲ መሆኑ ነው።

እኔን የማረከኝ መለያ ሰዓቱ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች በየቀኑ በዚያው የሰማይ መንገድ ይመለሳሉ፤ 4 ደቂቃ ያህል ቀድመው። አንቴናውም ቆርቆሮውም ባሉበት ካሉ ነጸብራቁም ይደገማል። ዛሬ ልክ ከምሽቱ 2 ሰዓት የታየች ጉብታ ነገ ለ2 ሰዓት 4 ጉዳይ ሲል ብቅ ትላለች። የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲህ ቀጠሮ አያከብርም።

የሁለት ተከታታይ ቀናትን ውጤት በአርቲኬሊብ (RTKLIB፣ የጂፒኤስ ዳታ ማስሊያ ሶፍትዌር) አወጣሁና ደራረብኳቸው። እንዲሁ ሲታዩ ዝብርቅርቅ ናቸው። አንዱን በዚያው 4 ደቂቃ ገደማ፣ ማለትም 236 ሴኮንድ ስገፋው ጉብታ ጉብታ ላይ፣ ጎድጓዳ ጎድጓዳ ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም። ያችን የቀረችውን ነገር ያስተካከለው 246 አካባቢ ነው። ምክንያቱ ደስ ይላል። መሬት ወገቧ ላይ ወፈር ስለምትል የሳተላይቶቹን ምህዋር ቀስ እያለች ታዞረዋለች፤ ስለዚህ ወደ 10 ሴኮንድ ገደማ ይበልጥ ይቀድማሉ። ከሳተላይት ሳተላይትም ትንሽ ይለያያል። በ30 ሴኮንድ ዳታ ይሄ ከቁጥር አይገባም፤ በ1 ሴኮንድ ዳታ ግን በደንብ ይታያል።

ይህ ለጂፒኤስ ብቻ ነው። የሩሲያው ግሎናስ ወደ መንገዱ ለመመለስ 8 ቀን ገደማ፣ የአውሮፓው ጋሊልዮ 10 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ሁሉንም ቀላቅሎ 4 ደቂቃ መግፋት ስለማያዋጣ ሌሎቹን ለጊዜው አጥፍቻቸዋለሁ።

ከዚያ ጥፋተኛውን ፍለጋ ገባሁ። እዚህ ላይ የሚረዳው ሲግናሉ ከጫጫታው (ኖይዝ) አንጻር ያለው ጥንካሬ፣ ኤስኤንአሩ ነው። ሳተላይቱ ከአድማስ ከ5 ወደ 25 ዲግሪ ሲወጣ ጥንካሬው ከፍ ዝቅ ይላል፤ የሞገዶቹ ብዛት ደግሞ አንጸባራቂው ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንዳለ ይናገራል። በኤል1 ከአንቴናው 2 ሜትር ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ነገር ወደ 7 ሞገድ ይሰጣል፤ 4 ሜትር ከሆነ 14። ሳተላይቶቹን በአቅጣጫ ስከፋፍላቸው በስተሰሜን ያሉት ጨዋ ናቸው። በስተምሥራቅ ያሉት ግን አንድ ላይ ይዋዥቃሉ፤ የጎረቤት ቆርቆሮና ዲሽ ያለው በዚያ በኩል ነው።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ቅርብ ካለ ጣሪያ የሚመጣ ነጸብራቅ በደቂቃዎች ነው የሚዋዥቀው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአላስካው የዴናሊ መንቀጥቀጥ ጊዜ የ1 ሴኮንድ ጂፒኤስ የቀዳቸው የገጸ ምድር ሞገዶች ግን በአሥር ሴኮንዶች የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ መናወጡን በፊልተር ነጥሎ ማውጣት ይቻላል። ችግሩ «ታዲያ መሬቱ ስንት ሴንቲ ተንሸራቶ ቀረ?» ስትሉ ነው፤ እዚያ ላይ ነጸብራቁ ተመልሶ ያወናብዳል።

ከአድማስ ከ15 ዲግሪ በታች ያሉትን ሳተላይቶች መተው ምሥራቁን ጸጥ ያደርገዋል፤ ግን የከፍታ ልኬቱ ይላላል፣ ስለዚህ እኔ አልወደድኩትም። የትናንቱን ነጸብራቅ ከዛሬው መቀነስ ይሻላል። የቀረኝ ክረምቱ ነው። እርጥብ መሬት ከደረቅ መሬት በተለየ ስለሚያንጸባርቅ፣ ዝናብ ሲጥል የትናንቱ ቅጂ ለዛሬ ምን ያህል እንደሚሠራ በሐምሌው ዳታ እሞክረዋለሁ።