ትእዛዝ ሲቀንስ ከማኔጅመንት ጋር ሥልጠና እንዴት እንደጀመርን

ፋብሪካችን የሚቀበለው የምርት ትእዛዝ መቀነስ ሲጀምር መጀመሪያ የቀረው ትርፍ ሰዓት ነው። ከዚያ አንዱ ሺፍት ታጠፈ። ቀጥሎ የሚመጣው የሠራተኛ ቅነሳ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። እኔ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ነበርኩ፤ «ማሽን በሚቆምበት ሰዓት ሰው እናሠልጥን» ብለን ማኔጅመንት ዘንድ የገባነው እኛ ነን።

ባዶ እጃችንን አልገባንም። እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ የመኪና ኢንዱስትሪ ክፉኛ ሲመታ የመኪና ሠራተኞች ማኅበርና ፎርድ ለእያንዳንዱ የተሠራ ሰዓት 5 ሳንቲም ለሥልጠና እንዲቀመጥ ተስማምተዋል። ጀርመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚ ቀውስ የሥራ ሰዓቱ ለተቀነሰ ሠራተኛ ካጣው የተጣራ ደመወዝ 60 በመቶውን፣ ልጅ ካለው 67 በመቶውን ትሸፍን ነበር፤ በዚያ ሰዓት ለሚያሠለጥን አሠሪም የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮውን ትመልስለት ነበር። ማኔጅመንቱ ጆሮ ሰጠን። ሙያተኛ በትኖ፣ ገበያው ሲመለስ አዲስ ሰው ቀጥሮ ከዜሮ መጀመር ምን እንደሚያስወጣ እነሱም ያውቁታል።

ከባዱ ነገር ሠራተኛውን ማሳመን ነበር። ማስታወቂያ ለጠፍን፣ የተመዘገበው ግን ጥቂት ሰው ነው። ጠጋ ብለን ስንጠይቅ «የሥልጠናው ፈተና የሚቀነሰውን ሰው ለመለየት ነው» ይላሉ። ይህን ፍርሃት ተራ ወሬ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ሥራው እየጠበበ ባለበት ሰዓት ድክመትህን በወረቀት አስመዝግብ ሲባል ማን ደስ ይለዋል? አንዲት ነባር ኦፕሬተር «ወድቄ ስሜ ከሚያዝ ማሽኔ ላይ ብቆይ ይሻለኛል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ ተመልሰን ተደራደርንና የምዘና ውጤት ለቅነሳ መስፈርት እንዳይሆን፣ የማኅበሩና የማኔጅመንቱ የጋራ ኮሚቴ እጅ ብቻ እንዲቆይ፣ ሱፐርቫይዘርም እንዳያየው በጽሑፍ አስፈረምን። ወረቀቱ ፊርማውና ማኅተሙ እየታየ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ነው ሰው መምጣት የጀመረው። ሌላ ቦታ ይህን ልትሞክሩ ካሰባችሁ፣ ስለ ኮርስ ከማውራታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።

ሰዓቱም ደመወዝ የሚከፈልበት የሥራ ሰዓት መሆን አለበት። ከሥራ በኋላ ከተባለ ልጅ የሚጠብቃት እናት አትመጣም።

በይዘቱ ላይ ብዙ ተከራከርን። ማኔጅመንቱ የራሱን ማሽን ብቻ ማስተማር ፈለገ፤ እኛ ደግሞ ሰው ቢቀነስ እንኳ ሌላ በር የሚያስከፍተው ኤሌክትሪክ፣ ንድፍ ማንበብ፣ ኮምፒውተር ይግባ አልን። በመጨረሻ ሁለቱም ገቡ። አሠልጣኝ ያደረግነው የራሳችንን የጥገና ባለሙያዎች ነው። ሠራተኛው እነሱን ለመጠየቅ አያፍርም።

ገንዘቡን በተመለከተ ጥብቅ ሁኑ። የአሜሪካው መኪና አምራች ክራይስለርና የሠራተኞች ማኅበሩ በጋራ ያቋቋሙት የሥልጠና ማዕከል ገንዘብ ለግል ጥቅም ውሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ክስ ተመሠረተ፤ ከሁለቱም ወገን ኃላፊዎች ተፈርዶባቸዋል። እኛ ጋ ያለ ሁለት ፊርማ፣ አንዱ የማኅበሩ አንዱ የማኔጅመንቱ፣ ምንም ወጪ አይወጣም። ሒሳቡም ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

ቅነሳው ጨርሶ አልቀረም። የተቀነሱት ግን የብቃት ማረጋገጫቸውን ይዘው ነው የወጡት፤ እሱን አሳይተው ሥራ ያገኙ አሉ። አሁን ትእዛዝ ተመልሶ «ለሥልጠና ጊዜ የለም» የሚል ድምፅ መሰማት ጀምሯል። እኛም የጋራ ኮሚቴው ቋሚ እንዲሆን ለሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ድርድር አንቀጽ አቅርበናል።