የጀልባው ጀኔሬተር፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ጀኔሬተር ጥገና መማር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። እንደ ሰሞኑ ያስተማረኝ ሥራ ግን የለም። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰው የምታመላልስ አንዲት ጀልባ አለች። የእሷ 3 ኪሎዋት የቤንዚን ጀኔሬተር ሞተሩ ይነሳል፣ መብራት ግን አይሰጥም። የካቲት 16 ደግሞ ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ዘጌ ወዳለው ዑራ ገዳም የሚሻገረው ሰው ብዙ ነው። የቀረን 11 ቀን ነበር።

«ልጄ፣ በከንቱ አትድከም። ይሄ አብቅቶለታል፤ አዲስ ልግዛ» አሉኝ ባለጀልባው።

«ጋሼ፣ አራት ቀን ይስጡኝ። ለክቼ ልንገርዎት» አልኳቸው።

ሞተሩ ደህና ነው። ዘይት አይበላም፣ ጭሱም ንጹሕ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የዲናሞው ብቻ ሆነ። ሞተሩን አስነስቼ ሶኬቱን በቴስተር ስለካ 3 ቮልት አነበበ። ይቺ 3 ቮልት ትልቅ ነገር ናት፤ ሮተሩ (የሚሽከረከረው ክፍል) ውስጥ የሚቀረው ማግኔት አልጠፋም ማለት ነው። ለሮተሩ ከረንት የሚያደርሱት ካርቦኖች ገና አላለቁም። የሮተሩ ሽቦ 52 ኦም፣ ጤነኛ።

ኤቪአሩን (ቮልቱን የሚቆጣጠረውን ሰርኪዩት) ነቅዬ ስታተሩን (የማይዞረውን የሽቦ ክፍል) ከረንት ወደ ቦዲው ማፍሰስ አለማፍሰሱን በሚያሳይ የ500 ቮልት ሜገር ስለካው ግን ወደ ቦዲው 0.4 ሜጋኦም ብቻ ሰጠኝ። ከ1 በታች ሲሆን ያሰጋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ተቃጥሏል» ብሎ ይጥለዋል። እኔ ግን ሐይቅ ላይ የሚያድር ዕቃ እርጥበት እንደሚጠጣ ትዝ አለኝ። ሁለት ቀን የየካቲት ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። 9 ሜጋኦም ገባ! ከዚያ ሞተሩን አስነስቼ ከ12 ቮልት ባትሪ ለካርቦኖቹ ለአፍታ ሰጠሁ፣ ፕላሱን ለፕላስ። ቴስተሩ ወደ 118 ቮልት ወጣ። ያለ ኤቪአሩ ይህን ያህል ከሰጠ ሽቦው ሁሉ ደህና ነው። የሞተው ኤቪአሩ ነው፤ ጀርባው ላይ ያለው ሙጫ ተሰንጥቆ የተቃጠለ ይሸታል።

ለምን ተቃጠለ? ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አየሩ ስለሚሳሳ እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ 3 ኪሎዋቱ እዚህ 2.4 ቢሰጥ ነው። ጀልባዋ ላይ ፍሪጅ፣ ሞንታርቦና ውሃ ማፍያ አንድ ላይ ይሠራሉ። ሞተሩ ከ3,000 ዙር በታች ሲወርድ ቮልቱም ይወርዳል። ኤቪአሩ 220ውን ለመያዝ ወደ ሮተሩ ብዙ ከረንት ይገፋል፣ ይግላል፣ ይነዳል። ያው ባለ 3 ኪሎዋት አዲስ ቢገዙም ዕጣው ይኸው ነበር።

ጋሼን ይሄ ነው ያሳመናቸው። ጥገናው ከአዲሱ ዋጋ ግማሹን ካለፈ እኔም አዲስ ይገዛ ባይ ነኝ፤ ስታተሩ ነዶ ቢሆን «ይግዙ» እላቸው ነበር። ኤቪአሩን መቀየር ግን የአዲሱን ጀኔሬተር ዋጋ አንድ አሥረኛ እንኳ አልፈጀም።

ጭነቱ እንዲቀንስ ውሃ ማፍያው ከጀልባዋ ወረደ፤ ሻዩ እቤት ፈልቶ በፔርሙስ ይመጣል። ጀኔሬተሩ አሁን 228 ቮልት ይሰጣል። ፍሪጁ ሲነሳ 219 ወርዶ ወዲያው ይመለሳል።

ቀጥሎ ካርቡሬተሩ ላይ ለዚህ ከፍታ የሚስማማ አነስ ያለ ጂግለር (የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው ቀዳዳ) ልሞክር ነው። የሞከራችሁ ካላችሁ የካንዴላችሁ ቀለም ምን እንደሆነ ጻፉልኝ።