የጠፋው ጥሬ ፎቶ እና የሶፍትዌር ምርጫችን

የምሠራበት የፎቶግራፍ ክፍል ለተለያዩ ድርጅቶች ስብሰባዎችን፣ የምረቃ ሥነ ሥርዓቶችንና የኃላፊዎችን የቁም ፎቶ የሚያነሳ ሲሆን፣ የእኔ ድርሻ የተነሱትን ፎቶዎች ተረክቤ መምረጥና ለደንበኛ ማድረስ ነው። ክፍሉ አዲስ ሶፍትዌር እንዲገዛለት በተፈቀደ ጊዜ ኃላፊያችን ያዘጋጁት ዝርዝር ከላይ እስከ ታች የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ነበር። ሥራ ይዘገያል፣ ደንበኞች ያማርራሉ፤ ስለዚህ ፎቶን ቶሎ የሚያስተካክል ፕሮግራም ያስፈልገናል የሚል እምነት ነበራቸው።

ዝርዝሩ ለግዥ ከመተላለፉ በፊት ከአንድ የቆየ ደንበኛችን አስቸኳይ ጥያቄ መጣ። ጡረታ ለሚወጡት ሥራ አስኪያጃቸው ሽኝት አዘጋጅተው ስለነበር፣ ቀደም ሲል ያነሳንላቸውን የቁም ፎቶ በአዳራሹ መግቢያ ላይ አንድ ሜትር ያህል አድርገው አሳትመው ሊሰቅሉት ፈልገዋል። ፎቶው በጋራ ኮምፒውተራችን ላይ ቶሎ ተገኘ፤ ነገር ግን የተገኘው «ሥራ አስኪያጅ የመጨረሻ 2» የሚል ስም የተሰጠው፣ ለድረ ገጽ ተብሎ የተቀነሰ ጄፔግ (የታመቀ የፎቶ ፋይል) ነበር። ረጅም ጎኑ 2,048 ፒክስል ስለሆነ፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ከራቅ ብሎ ለሚታይ ህትመት ወደ 150 ነጥብ ብናወርደው እንኳ ከ35 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ከካሜራው የወጣው ጥሬ ፋይል (ካሜራው ሳያቀነባብርና ሳይቀንስ የሚያስቀምጠው) ግን 6,000 ፒክስል ስላለው በዚያው በ150 ነጥብ የተጠየቀውን አንድ ሜትር ይሞላል።

የቸገረን ጥሬውን ማግኘት ነው። ፎቶው በተስተካከለበት ጊዜ አዲስ ስም ስለተሰጠው ካሜራው የሰጠው ቁጥር ጠፍቷል፤ ለድረ ገጽ ሲቀመጥም የተነሳበት ቀንና ሰዓት ከፋይሉ ውስጥ ወጥቷል። ስለዚህ ከእጃችን ያለው ጄፔግ እናቱ የት እንዳለች የሚጠቁም አንዳች ምልክት አልነበረውም። ፎቶ በማሳመር የተካነው ባልደረባዬ ትንሹን ጄፔግ በሶፍትዌር ማሳደግ እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ፤ ሙያውን ባከብርም አልተስማማሁም። እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም የሌለውን ዝርዝር እየገመተ የሚሞላ በመሆኑ፣ አንድን ሰው ዕድሜውን ሙሉ በሠራበት ቤት በር ላይ በግምት በተሞላ ፊት መስቀል ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። በመጨረሻ ጥሬ ፋይሉ በሁለተኛው ፎቶ አንሺ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ካሜራው ራሱ በቁጥር በሰየመው ፎልደር ውስጥ ተገኘ። ፍለጋው ሁለታችንን ቀኑን ሙሉ ይዞን ሲውል፣ ፎቶውን ማስተካከሉ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

በማግስቱ ኃላፊያችንን «ግዥውን ከመጨረስዎ በፊት ጊዜያችን በየትኛው ሥራ ላይ እንደሚያልቅ አብረን እንይ» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸውም ፈቀዱ። ያስረዳሁት ይህን ነበር፤ ጊዜያችን የሚያልቀው ፎቶ በመፈለግ እንጂ በማስተካከል ስላልሆነ፣ ከማስተካከያ ይልቅ ማደራጃ ሶፍትዌር ያስፈልገናል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የምናውቀው ፎቶሾፕ አንድን ፎቶ ከፍቶ፣ በላዩ ላይ ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ የሚነባበር ንጣፍ) እየደረበ፣ እስከ አንዲት ፒክስል ድረስ ለመሥራት የተዘጋጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ላይትሩም (ዛሬ ላይትሩም ክላሲክ የሚባለው) ደግሞ የተነሳው ፎቶ በሺዎች ለሚቆጠርበት ሰው የታሰበ ሲሆን፣ የእያንዳንዱን ፎቶ አድራሻ፣ ቁልፍ ቃላትና ደረጃ በካታሎግ፣ ማለትም በፕሮግራሙ መዝገብ፣ ይመዘግባል፤ የብርሃንና የቀለም ማስተካከያውንም እንደ ትእዛዝ ጽፎ ስለሚያስቀምጥ ጥሬውን ፋይል አይነካውም። ልዩነቱ በዲስክ ላይም ይታያል፤ ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ 16 ቢት ቲፍ (ጥራቱን የጠበቀ ትልቅ የፎቶ ፋይል) ሆኖ ሳይታመቅ ሲቀመጥ፣ ሌየር ሳይጨመርበት ገና 144 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ የላይትሩም ትእዛዝ ግን ጥቂት ኪሎባይት ነው። የአንድ ስብሰባን ፎቶ በሙሉ በፎቶሾፕ እያሳለፉ ማስቀመጥ ዲስክን ያለ ጥቅም ይሞላል።

ባልደረባዬ ተቃወመ፤ ተቃውሞውም ውሃ የሚያነሳ ነበር። ከተለያዩ ፎቶዎች የተወሰዱ ሰዎችን በአንድ ፎቶ ላይ ማዋሐድና የተጨማደደ ኮትን በጥንቃቄ ማቃናት የካታሎግ ፕሮግራም ሥራ አይደለም። ኃላፊያችን ሁለታችንንም ሰምተው፣ አንድን የስብሰባ ፎቶ ስብስብ በተለያዩ ፕሮግራሞች ከመረከብ እስከ ማስረከብ እንድንሞክረው አዘዙ።

ሙከራው ብዙ ነገር አሳየን። ፎቶ መካኒክ የተባለው ፕሮግራም በጥሬው ፋይል ውስጥ ተካትቶ የሚመጣውን ጄፔግ ስለሚያሳይ፣ በመምረጥ ፍጥነት የሚደርስበት አላገኘንም፤ ነገር ግን ጥሬውን ፋይል የሚያስተካክል ሌላ ፕሮግራም መጨመር ግድ ይሆንብናል። ዲጂካም ነፃ ከመሆኑም በላይ ማደራጀቱን በሚገባ ያውቅበታል፤ በቀለም ማስተካከሉ በኩል ግን የእኛን ሰዎች እጅ አላረካም። ማደራጀትንና ማስተካከልን በአንድ ቦታ ስለሚያገናኝ ላይትሩም ክላሲክን መረጥን፤ ቀድሞ የነበረው ፎቶሾፕም በባልደረባዬ ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ቀጠለ።

በዚህ ምርጫ ውስጥ አጥብቄ የተከራከርኩበት ነጥብ ግን የፕሮግራሙ ስም አልነበረም። አፕል አፐርቸር የተባለውን የፎቶ ማደራጃውን ማሳደግ እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በ2014 አስታውቋል፤ ጉግልም ፒካሳ የተባለውን የራሱን እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል። የማደራጃ ሶፍትዌር ሲሞት ለዓመታት የጻፍነው መግለጫ አብሮት እንዳይሞት፣ መረጃው ከካታሎጉ ውጭም መቀመጥ አለበት። ስለዚህ መግለጫና ቁልፍ ቃል በሙሉ ሌሎች ፕሮግራሞችም በሚያነቡት በኤክስኤምፒ (የፎቶ መረጃ መጻፊያ የጋራ ቅርጽ) እንዲጻፍ አደረግን፤ ለጥሬ ፎቶዎች ይህ ከፋይሉ ጎን የምትቀመጥ ትንሽ ፋይል ናት። እዚህ ላይ ብዙዎች ልብ የማይሉት ነገር አለ፤ ለፎቶ የሚሰጡት ኮከብና የቀለም ምልክት ወደ ኤክስኤምፒ ሲጻፉ፣ የተመረጠ ፎቶን የሚያመለክተው የምርጫ ባንዲራ ግን ለረጅም ጊዜ በካታሎጉ ውስጥ ብቻ ሲቀር ኖሯል፤ የፎቶ ስብስቦችም እንዲሁ። ምርጫችንን በኮከብ ብቻ ለማድረግ የወሰንነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተጀመረ በኋላም ችግር አልጠፋም። ከፎቶ አንሺዎቹ አንዱ ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ከፕሮግራሙ ውጭ አንድ ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ ስላዛወረ፣ በካታሎጉ ላይ በፎልደሩ የጥያቄ ምልክት፣ በፎቶዎቹም የቃለ አጋኖ ምልክት ወጣ። ፎቶዎቹ እንደጠፉ ተቆጥሮ ድንጋጤ ሆኖ ነበር፤ አዲሱን ቦታ ስናሳየው ግን ሁሉም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ማዛወር የሚፈቀደው ከፕሮግራሙ ውስጥ ሆኖ ብቻ ነው። የካታሎግ ባክአፕ የፎቶ ባክአፕ እንዳልሆነም ለእያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን እናስረዳለን፤ ካታሎጉ ፎቶው ያለበትን ቦታ እንጂ ፎቶውን ራሱን አይዝም።

ባልደረባዬ አዲስ የኤዲቲንግ ፕሮግራም የመግዛት ጥያቄውን በቅርቡ እንደገና ሲያነሳ፣ በዚህ ጊዜ በግምት መከራከር አላስፈለገንም። ላይትሩም ወደ ፎቶሾፕ ልኮ በተመለሰው ፋይል ስም መጨረሻ ላይ «ኤዲት» የሚል ቃል ስለሚጨምር፣ ያንን ቃል ፈልገን ከጠቅላላው ፎቶ የትኛው በእርግጥ ጥልቅ እርማት እንዳስፈለገው አየን። ድርሻው ትንሽ ሆኖ አብዛኛው ከቁም ፎቶዎች የመጣ ነበር። ኃላፊያችን ውጤቱን አይተው ለመላው ክፍል ሊገዛ የነበረውን ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ እንዲሆን አጸደቁ፤ ባልደረባዬም በዚህ ተስማማ።