በአንድ ቁጥር ሁለት ችግር፦ የ2021 የፋይናል ፋንታሲ 14 ወረፋ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 2021 በወርሃዊ ክፍያ የሚጫወቱት የኦንላይን ጌም ፋይናል ፋንታሲ 14 «ኤንድዎከር» የተባለውን ማስፋፊያ (በጌሙ ላይ የሚታከል አዲስ ክፍል) አስቀድመው ለገዙ ተጫዋቾች ከፈተ። በሩ ግን ጠቦ ተገኘ። ሰው ሰዓታት ወረፋ ይጠብቅና ተራው ሲቃረብ «2002» የሚል የስህተት ቁጥር መጥቶ ጌሙ ይዘጋበታል። ወርሃዊ ክፍያው ይቆጥራል። የተናደደ ተጫዋች እንግዲህ የሚሄደው ወደ ደንበኞች አገልግሎት ነው፤ እዚያም ሌላ ወረፋ ይጠብቀዋል።

የ2002ን ነገር ዘርዘር አድርጎ ማየት ይጠቅማል፤ አንዱ ቁጥር ሁለት የተለያዩ ችግሮችን ይዞ ነበርና። ወደ ጌሙ ከመግባቱ በፊት ሁሉም ሰው የሚያልፍበት የመግቢያ ሰርቨር አለ። የበርካታ ዎርልዶች (ተጫዋቾች ተከፋፍለው የሚጫወቱባቸው ሰርቨሮች) ስብስብ በሆነው በአንድ ሎጂካል ዳታ ሴንተር የሚጠብቀው ሰው ከ17,000 ሲያልፍ፣ ሰርቨሩ እንዳይወድቅ ሲባል ተከታዩ ከደጅ ይመለሳል። የመጀመሪያው 2002 ይህ ነው። ሁለተኛው የሚመጣው ወረፋ ውስጥ ከገቡ በኋላ፣ የተጫዋቹ ኢንተርኔት ለአፍታ ሲቆራረጥ ነው። በዚህኛው ጊዜ ቶሎ የተመለሰ ሰው ቦታውን አያጣም። ቦኖ ላይ ጄሪካን አሰልፎ ዞር እንደማለት ነው፤ ጥቂት ይታገሱታል፣ ከቆየ ግን ያልፉታል። ይህን ያላወቀ ተጫዋች ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራል፣ ጌሙን አራግፎ እንደገና ይጭናል፣ መጨረሻ ላይ ለደንበኞች አገልግሎት ቲኬት፣ ማለትም የእርዳታ ጥያቄ፣ ይጽፋል። እስከዚያ ጄሪካኑ ታልፏል። ጌሙን አራግፎ መጫን ደግሞ ለሁለቱም ዓይነት 2002 አይፈይድም፤ የሚረዳው ዋይፋዩን ትቶ በኬብል መገናኘትና ግንኙነቱ ሲበጠስ ወዲያው መመለስ ነው፣ ያውም ለሁለተኛው ዓይነት ብቻ።

ቲኬቱን የሚያነበው ሠራተኛ ሰርቨር መጨመር አይችልም። የጌሙ አዘጋጅ ኩባንያ ስኩዌር ኤኒክስ ራሱ በወቅቱ አልቻለም፤ ዓለም አቀፉ የሴሚኮንዳክተር እጥረት አዳዲስ ማሽኖችን አዘግይቶበት ነበር። ስለዚህ «መቼ እገባለሁ?» ለሚል ቲኬት ሠራተኛው የሚሰጠው ምላሽ ይቅርታ ብቻ ነው። ይህ ቲኬት ግን ልክ እንደ ሌላው ቦታ ይይዛል፣ ልክ እንደ ሌላው መነበብ አለበት። ለምሳሌ ያህል እናስላው፦ አንድ ቡድን በቀን 1,000 ቲኬት እየመጣበት 800 ቢዘጋ፣ በአሥረኛው ቀን 2,000 ይከማቻል፤ አዲስ የገባ ቲኬት ከሁለት ቀን ተኩል በኋላ ነው የሚነበበው። ከ1,000ው ውስጥ 300ው ተመሳሳይ ጥያቄ ቢሆንና ከመጻፉ በፊት መልስ ቢያገኝ ግን፣ ሌላ ሰው ሳይቀጠር ክምችቱ በቀን በ100 ይቀንሳል። በሃያ ቀን ያልቃል ማለት ነው። መልስ ዘገየ ብሎ ሁለተኛና ሦስተኛ ቲኬት የሚከፍት ተጫዋች እንግዲህ የሚያረዝመው የራሱንም ወረፋ ነው፤ መናደዱ አይፈረድበትም።

የጌሙ ፕሮዲውሰር ናኦኪ ዮሺዳ ያደረጉት ይህንኑ ጥያቄ ከወረፋው ማውጣት ነበር። በጌሙ ድረ ገጽ ላይ በተከታታይ መግለጫ አወጡ፤ 2002 ምን እንደሆነ፣ 17,000 ከየት እንደመጣ፣ ሰርቨር ለምን እንደማይጨመር በግልጽ ጻፉ። «ችግሩን እያጣራን ነው» ከሚለው የተለመደ ዓረፍተ ነገር ጋር ሲተያይ ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ካሳውም በማመልከቻ አልሆነም፤ ሙሉውን ጌም ገዝተው ወርሃዊ ክፍያ ላይ ላሉት በመጀመሪያ 7 ቀን፣ በኋላ 14 ቀን፣ በድምሩ 21 ቀን ሳይጠይቁ ታከለላቸው። «ገንዘቤ ተቃጠለ» የሚለው ቲኬት በዚህ ተቀነሰ። በዲሴምበር አጋማሽ ደግሞ ኩባንያው ለገና ገበያ ሲሻማ ሊታይ በሚገባው ሰሞን የጌሙን ሽያጭና አዲስ የነጻ ሙከራ ምዝገባ አቆመ። ሽያጩ የተመለሰው ጃንዋሪ 25 ቀን 2022 ነው።

በጋራ መግለጫ የማይመለስ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ይተርፋል፤ የተሰረቀ አካውንት፣ ሁለት ጊዜ የተቆረጠ ክፍያ፣ የጠፋ ዕቃ። እነዚህን ሰው ሎግ (የተደረገው ሁሉ ከነሰዓቱ የሰፈረበትን መዝገብ) ከፍቶ ነው የሚያያቸው፣ ብዙ ቀን የሚባክነውም እዚህ ነው። ቲኬቱ የካራክተሩን ስም፣ ዎርልዱን፣ የዕቃውን ትክክለኛ ስም፣ የስህተቱን ቁጥርና ሰዓቱን ካልያዘ ሠራተኛው ዝርዝር ጠይቆ ይመልሰዋል፤ የተጫዋቹ ምላሽ ሲደርስ ቲኬቱ እንደገና ተራ ሊጠብቅ ይችላል። ክፍያ ከሆነ የግብይቱ ቁጥር ይጨመር። የይለፍ ቃል ግን በምንም ምክንያት አይጻፍም፤ ትክክለኛ ሠራተኛ አይጠይቅም።

ከአዲስ አበባ ለሚጽፍ ሰው ሰዓቱ የተለየ ጣጣ አለው። ማታ 3 ሰዓት ላይ የጠፋን ዕቃ «3 ፒኤም» ብሎ የጻፈ ተጫዋች፣ ሠራተኛውን ዕቃው ከመጥፋቱ ስድስት ሰዓት ቀደም ብሎ ያለውን ሎግ ያስፈትሸዋል። እዚያ ዕቃው በቦታው ነው። መልሱም «ምንም አላገኘንም» ሆኖ ይመጣል፣ ቲኬቱም ይዘጋል። መጻፍ የነበረበት 21:00 የኢትዮጵያ ሰዓት ነው፤ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ደግሞ 18:00።